አፍ፣ ቃልና ነገር፤ በአደባባይ ስለ መናገር የወረስናቸው ስሞችና ታሪካቸው

የእድራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አገራችን የንግግር ልማድ ጥቂት እንድንጽፍ በጠየቁን ጊዜ ደስ ብሎን ተቀበልን። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረን የጽሕፈት ቤት ወንበር ነው። ጡረታ እስክንወጣ ድረስ ሰው ሲናገር እየሰማን ቃለ ጉባኤ ስንይዝ ኖረናልና፣ ማን ምን እንደ ተናገረ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ተናገረም ሳናስተውል አልቀረንም።

ነገሩ እንዲያው ለጨዋታ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር በአንድ ቃል ሰው ታርቋል፤ በአንድ ቃልም ሰው ሞቷል። የእድራችን አባላትም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በየቀብሩ ላይ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ቅር እየተሰኙ ነው። ግማሹ ረዘመ ይላል፣ ግማሹ አልተሰማም ይላል፣ ሌላው ደግሞ የሟቹ አይመስልም ይላል። ስለዚህ አባቶቻችን በአደባባይ ለሚነገር ቃል ምን ምን ስም እንዳወጡለትና ስሙ ከየት እንደ መጣ ማየቱ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ከ«ነገር» እንጀምር። ይህ ቃል በእኛ ቋንቋ ምን ያህል ሸክም እንደ ተሸከመ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ማለት ጉዳይም ነው፣ ወሬም ነው፣ ክስም ነው፣ ጠብም ነው። «ነገር አለኝ» ያለ ሰው ወይ ሊያወጋን ነው ወይ ሊከሰን ነው። ሥሩ በግእዝ «ነገረ» የሚለው ግስ ነው። ንግግር፣ ተናጋሪ፣ ነጋሪ፣ ነገረኛ፣ ነገረ ፈጅ ሁሉም የእርሱ ልጆች ናቸው። ነገረ ፈጅ ስለ ሌላ ሰው ቆሞ ጉዳይ የሚጨርስ ሲሆን፣ ነገረኛ ግን ጉዳዩ እንዳያልቅ የሚደክም ነው። አንጋረ ፈላስፋ የሚባለው የጥንት የግእዝ መጽሐፍም ስሙ ሲተረጎም የፈላስፎች ንግግሮች ማለት ነው። ነጋሪትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ከበሮው ነጋሪት የተባለው ስለሚናገር ነው። በ1934 ዓ. ም. መንግሥት ሕግ የሚያወጣበትን ጋዜጣ ሲያቋቁም «ነጋሪት ጋዜጣ» ብሎ ሰየመው። ከበሮው ወረቀት ሆነ ማለት ነው፤ ስሙን ግን አልለቀቀም። ዛሬም ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል።

ሁለተኛው «አፍ» ነው። የጥንት ነገሥታት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሕዝብ አይናገሩም ነበርና ቃላቸውን የሚያደርስላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። አፈ ንጉሥ የተባለው ሹመት የንጉሥ አፍ ማለት ሲሆን፣ እየዋለ እያደረ የዳኞች ሁሉ አለቃ ስም ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስትርነት የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የሆነ ሰው ይህ ሥራ ጥንታዊ መሆኑን ያውቃል፤ ሙሴ አንደበቱ የሚይዘው ሰው ስለ ነበር ወንድሙ አሮን አፍ ሆነለት። ከዚያ ወዲህ አፈ ጉባኤ መጣ፤ የምክር ቤት ሰብሳቢ ነው። አፈ ቀላጤ የጌታ ቃል አድራሽ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረውን የቍስጥንጥንያውን ሊቅ ዮሐንስን ስለ ስብከቱ ማማር አፈወርቅ ትለዋለች። መቼም አፍ ሁልጊዜ ወርቅ አይሆንም፤ አፈ ጮሌም አለ፣ አፈ ቅቤም አለ። የጠመንጃውስ ጫፍ አፈ ሙዝ አይደል የሚባለው! የእኛ አገር ሰው ሁለቱ አፎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያውቃል።

«ቃል» ደግሞ ከአፍ ወጥቶ የሚቀረው ነው። ቃለ መሐላ፣ ቃል ኪዳን፣ ቃለ ጉባኤ እንላለን። እኛ በሥራ ዘመናችን እንዳየነው ሰው በስብሰባ ሲናገር ብዙም አይፈራም፤ ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሣ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ይኸ እንዳይያዝ» ያሉን ስንቶቹ ናቸው!

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቤተ ልሔም በአገሪቱ ሁሉ የታወቀችው በድጓ ነው። ከዜማ ወገኖች፣ ማለት ከቤተ ልሔም፣ ከአጫብር፣ ከቆማና ከተጉለት መካከል የድጓው ምስክርነት የሚሰጠው እዚህ ነው። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም መጥቶ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር አይባልም ነበር። ዙር አምባም በዚሁ በጋይንት የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። እግረ መንገዳችንን ለማንሣት ያህል፣ እ. ኤ. አ. በ1955 ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት ተጓዥ ወደዚህ መጥቶ፣ ከክቡ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸሸገውን ባለ ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አይቶ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ለውጭው ዓለም አወራ። ለእኛ ሰው ግን ተሸሽጎ አያውቅም፤ ሲሳለመው የኖረ ነው።

ድጓ ዜማ እንጂ ንግግር አይደለም የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ሰው ድምፅ አካሄድ በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ ስም አውጥተው የጻፉት የዜማ ሊቃውንት ናቸው። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት ዜማዎች እንደ ተወልን እንማራለን። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለት ከ1533 እስከ 1551 ዓ. ም. ባለው ጊዜ፣ አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል ምልክቱን እንደ ሠሩት ይነገራል። ምልክቶቹ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ናቸው፤ ኋላ ድርስና አንብር ተጨመሩ። ስማቸው ራሱ ሥራቸውን ይናገራል። ድፋት ድምፅን ወደ ታች መድፋት ነው፣ ቅናት ወደ ላይ ማቅናት ነው፣ ደረት ከደረት ውስጥ ማውጣት ነው፣ ቁርጥ መቁረጥ ነው። እስቲ በስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ስሙ። የሚሰለቸው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅናት ብቻ የሚጮኸው ነው፤ ወይም ቁርጥ የሌለው ነው። የሚደመጠው ሽማግሌ ግን ድጓ ሳይማር ድፋቱንም ይዘቱንም ያውቅበታል።

የንባብ ቤቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ ግእዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ ይማራል። ቃሉም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ ተብሎ ይለያል። ተነሹን የጣለ፣ ወዳቂውን ያነሣ ልጅ በየኔታ ኩርኩም ይታረም ነበር። ዛሬ ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ላለን ሰው የቀብሩን ወረቀት እናሳየዋለን። አማርኛችን ሲጻፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ተብሎ የተጻፈው ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በሕይወት አለ ማለት ነው። በቀብር ላይ ይህን ማሳሳት ምን እንደሚያህል አስቡት። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ነው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ የነበሩ አባት ተቀብረው ሳለ አንባቢው ወጣት አጥብቆ ቢያነበው ለቀስተኛው ማዘኑን ትቶ ነጠላውን ወደ አፉ ወሰደ። ወረቀቱን አስቀድሞ አንድ ጊዜ ድምፁን አሰምቶ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያጋጥመውም።

የአደባባይ ንግግር ዋናው ትምህርት ቤት ግን ችሎት ነበር። የተጠየቅ ሙግት የሚባለውን እኛ አልደረስንበትም፤ አባቶቻችን ሲያወሩ ነው የሰማነው። ከሳሽ «ተጠየቅ» ሲል ተከሳሽ «ልጠየቅ» ይላል። ከዚያ በላ ልበልሃ ይከተላል። ተሟጋቹ ያደገድጋል፣ በትሩን ይይዛል፣ ነገሩን በቤት በቤቱ እየገጠመ፣ በምሳሌ እያሰረ ያወርዳል። ማር እየተባለ፣ ፈረስ በቅሎ እየተባለ ይወራረዳል፤ ዋስ ይጠራል። አላፊ አግዳሚውም መንገድ ላይ ዳኛ ሆኖ ይቆም ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚለው የሽማግሌዎች አነጋገር ከዚሁ ዓለም የመጣ ነው። መጀመሪያ የነገሩን ሥር ያዝ፣ ከዚያ ቅርንጫፉን ታገኘዋለህ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚገርመን ግን የፍርዱ አሰጣጥ ነው። በትልቁ ችሎት ፍርድ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚናገረው ዝቅተኛው ዳኛ ነው፤ ከዚያ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ በዙፋን ችሎት ንጉሡ መጨረሻ ይናገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ምን ይላል? ይህን ያህል ጥበብ የነበረው አገር በዛሬ ስብሰባችን ሊቀ መንበሩ አንድ ሰዓት ተናግሮ «አስተያየት ያለው?» ሲል ዝም ብንል ማን ይፈርድብናል። አርስጣጣሊስ የተባለው የግሪክ ፈላስፋ ንግግር የሚያሳምነው በተናጋሪው ማንነት፣ በሰሚው ስሜትና በነገሩ ማስረጃ ነው ብሎ ጽፎአል። የእኛም አባቶች ሦስቱንም ያውቁ ነበር፤ የሽማግሌው ሽበትና ስም፣ የምሳሌው ልብ መንካት፣ የእማኙ ቃል ናቸው። ብቻ በሦስት ምዕራፍ አልጻፉትም።

ይህ ሙግት እንዴት ጠፋ? አንዱ ምክንያት ሕጉ መጻፉ ነው። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949 ዓ. ም.፣ የፍትሐ ብሔሩ በ1952 ዓ. ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ. ም. ወጣ። ክስ በጽሑፍ፣ መልስም በጽሑፍ ሆነ። የአንደበቱ ሥራ ከችሎቱ ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ ለሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ተላለፈ። እኛ ይህን ለማማት አይደለም፤ በጽሑፍ እንጀራ የበላን ሰዎች ነን። አፈኛው ድኻውን በግጥም የሚረታበት ዘመን ማለፉም መልካም ነው። ነገር ግን ቆሞ፣ ሰው ዐይን ዐይኑን እያየው፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ መጨረስ የሚችል ሰው እያነሰ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለ አዋጅ ነጋሪም ጥቂት እንበል፤ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ የእርሱ ወራሽ ነውና። አዋጅ ነጋሪ በገበያ ቀን ነጋሪቱን አስመትቶ ሕዝቡን ዝም ካሰኘ በኋላ ይናገራል። የእኛም ለፋፊ ሲነጋጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ጥቂት ይቆያል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ይናገራል፣ እንደገና ይደግመዋል። ይኸው ነው። መጥራት፣ መቆየት፣ ዋናውን መናገር፣ መድገም። ትልልቅ ተናጋሪዎች ይህን ለማወቅ ብዙ ይደክማሉ፤ ዴሞስቴኔስ የተባለው የግሪክ ተናጋሪ እንኳ ኮልታፋ ነበርና በአፉ ጠጠር ይዞ ይለማመድ ነበር ይባላል።

ስለ መቆየት ካነሣን የአገራችንን ታላቁን ንግግር ማለፍ አይቻልም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ. ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ሊጀምሩ ሲሉ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ማፏጨትና መጮህ ጀመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አልተመለሱላቸውም፣ አልተቆጡምም፤ ዝም ብለው ቆሙ። ረብሸኞቹ ተይዘው ከወጡ በኋላ ንግግራቸውን ቀጠሉ። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ ምንም አላደረገልንም፤ እንዲያውም በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ በዚያው ሰሞን ተነሣ። ስለዚህ ንግግሩ አልሠራም የሚል አለ። እኛ ግን እንዲህ አናይም። የዓለም ሰው ዛሬ ከዚያ ስብሰባ የሚያስታውሰው የማንን ቃል እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።

ከውጭ የመጡ ስሞችም አሉ። «ዲስኩር» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። መጀመሪያ የክብር ስም ነበር፤ በትምህርት ቤትና በበዓል ቀን ዲስኩር ይደረግ ነበር። አማርኛም ወደደውና ደሰኮረ፣ ደስኳሪ ብሎ አረባው። አሁን ግን «ተወው፣ ይደስኩር» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ስም እንዲህ የሚዋረደው ተሸካሚዎቹ ሲያዋርዱት ነው። «መድረክ» ደግሞ በግእዝ የበር ደፍ ማለት ነበር፤ ዛሬ ተናጋሪ የሚወጣበት ከፍታ ሆኗል። አትሮንስም መጽሐፍ የሚዘረጋበት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው፤ አሁን በየአዳራሹ ቆሟል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ያኔ ልጆች ነበርን። ከዚያ በፊት በአደባባይ የማይናገር የነበረ ጭሰኛ ተነሥቶ ሲናገር ያየነው በዚያን ጊዜ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። አጀንዳ፣ ሂስ፣ ግለ ሂስ፣ መፈክር፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ፣ ድምፀ ተአቅቦ የሚሉትን ቃላት እረኛው ሳይቀር ተማራቸው። በ1971 ዓ. ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማንበብ የሚችለው በዛ። ግን ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት መናገር ጀመረ። ንግግሩ ከመፈክር ተነሥቶ በመፈክር ያልቃል፤ መካከሉም መፈክር ነው። በ1980 ዓ. ም. ብሔራዊ ሸንጎ ሲቋቋም «ሸንጎ» የሚለው የአባቶች ቃል ተመለሰ፤ በሸንጎ የሚቆመው የአባቶች አነጋገር ግን አብሮት አልተመለሰም። ያ ዘመን በ1983 ዓ. ም. አለፈ፤ ልማዱ ግን በስብሰባዎቻችን ላይ ትንሽ ትንሽ ቀርቶብናል።

ወደ ቀብራችን እንመለስ። በድሮ ጊዜ የሟቹን ሥራ የምትናገረው ሙሾ አውራጇ ነበረች። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እርሷ ወረቀት አልያዘችም፤ ግን ሟቹ በየትኛው ክፉ ቀን ለማን እህል እንዳበደረ፣ ማንን ከማን እንዳስታረቀ፣ የትኛውን ልጅ እንዳሳደገ ታውቃለች። ከመናገሯ በፊት ሌሊቱን ከቤተ ዘመድ ጠይቃ ታድራለች። ባታውቅና ብትዋሽ ተቀባዮቹ ዝም ይሏታል፤ ተቀባይ የሌለው ሙሾ ደግሞ አይወርድም። የዛሬው የሕይወት ታሪክ ግን የተወለዱበት ቀን፣ የተማሩበት፣ የተቀጠሩበት፣ ያረፉበት ሆኖ፣ መጨረሻው «ደግ፣ ቅን፣ ሰው ወዳድ» ይባልና ያልቃል። ስሙን ብንቀይረው ለሁላችንም ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ የልጆቹን ሹመትና የሚኖሩበትን የውጭ አገር ሁሉ ይዘረዝራል፤ የሞቱት አባትየው መሆናቸው እስኪረሳ። ድምፅ ማጉያም ተገዝቷል፤ ድምፁን ቢያጎላው እንጂ ነገሩን አያጎላው።

እኛ እንደምናስበው ሁለት ገጽ ይበቃል። ከሁለቱም አንዱ ሟቹን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች፣ ማለት አንድ ጎረቤት፣ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ አንድ የተጣላቸው ሰው ተጠይቀው የተገኘ ቢሆን መልካም ነው። የተጣላውን ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ሙሾ አውራጇም ትጠይቀው ነበር እንለዋለን።

የመጨረሻው ነገር ሽምግልና ነው፤ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደን እርሱ ነው። በአገራችን ደም መላሽ የሚባል ክፉ ነገር እንዳለ ማንም አያጣውም። ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው የገዳዩን ወገንና የሟቹን ወገን ሲያገናኙ የቃሉ አመራረጥ ሌላ ነው። «ገደለ» አይሉም፤ «በእጁ ነፍስ ጠፋበት» ይላሉ። «ሬሳ» አይሉም፤ «ወንድማችን» ይላሉ። ለሟቹ አባት አንቱታ አይጓደልም። የገዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል እንጂ አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው ሽማግሌው ነው፤ እንግዲህ ሽማግሌውም አፍ ሆነለት ማለት ነው። የሟቹ አባት «እንቢ» ሲል ሽማግሌው አይከራከረውም። ይነሣል፣ ይሄዳል፣ በሌላ ቀን ይመለሳል። አንዳንዱ እርቅ ዓመት ይፈጃል። በዚህ መካከል አንድ ወጣት ተነሥቶ «ካሳው ስንት ነው?» ብሎ በችኮላ ቢጠይቅ የዓመቱ ድካም ፈሰሰ። ልጄን በገንዘብ ልሸጠው ነው ወይ ይላል አባት፤ እውነትም አለው። ካሳው መነገሩ አይቀርም፤ የሚነገርበት ጊዜ ግን ልብ ከለሰለሰ በኋላ ነው።

ይህን የሚያውቁት ሰዎች እያረፉ ነው። ባለፉት ዓመታት ካቀበርናቸው አባቶች መካከል በደም ጉዳይ ሽምግልና የተቀመጡ ብዙዎች ነበሩ፤ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ስለዚህ ሥራቸው «በማኅበራዊ ኑሮ ተሳታፊ ነበሩ» ከማለት በቀር የተነገረ የለም። ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በእድራችን ውስጥ በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች፣ የሰዎቹ ስም ሳይነሣ፣ እርቅ ሲያወርዱ ምን ብለው እንደሚጀምሩ፣ ምን እንደማይሉ፣ በየትኛው ቃል ላይ ዝም እንደሚሉ ተጠይቀው ይጻፍልን። ደብተሩን እኛ እንገዛለን፤ ጽሕፈቱንም ዐይናችን እስከሚችል ድረስ እንሠራለን። ሐሳቡም፣ የሚደግፍም የሚቃወምም ካለ፣ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።